ባሕር አይተን አናውቅም፦ ለመጀመሪያ ዕረፍት ዛንዚባር፣ ሞምባሳ ወይስ ላሙ?

አራት_ኪሎዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔና ባለቤቴ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ወጣ ብለን ልናርፍ አስበናል። እስካሁን የእኛ ዕረፍት ሐዋሳ ነው፣ ሲበዛ ባሕር ዳር። ሐይቅ ጠግበናል። ባሕር ግን ሁለታችንም በዓይናችን አላየንም። እናቴም አብራን ትሄዳለች። ስልሳን አልፋለች፤ ጤናዋ ደህና ነው፣ ጉልበቷ ግን ደረጃ አይወድም።

የምንፈልገው ፀሐይ፣ እግር የሚነከርበት ውሃና ታሪክ ያለው አሮጌ ከተማ ነው። አሸዋ ላይ ተጋድሞ መዋል ባለቤቴን ቶሎ ይሰለቸዋል። ከሙዚየም ሙዚየም መዞር ደግሞ እኔን። ሳነብ ሳነብ የስዋሂሊ ጠረፍ፣ ማለትም የኬንያና የታንዛኒያ ባሕር ዳርቻ፣ ልቤን ወሰደው። ዛንዚባር፣ ሞምባሳ፣ ማሊንዲ፣ ላሙ፣ ኪልዋ... ባለቤቴ «ሁሉንም እናዳርሰው» ይላል። ፈቃዳችን ግን ሁለት ሳምንት እንኳን አይሞላም።

በየት ልጀምር? ቢሮዬ ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። በየቀኑ የቲኬት ቢሮ በር አልፋለሁ። ገብቼ ምን ብዬ እንደምጠይቅ ግን አላውቅም።

ቀዝቃዛ_አምቦ፦

ለባለቤትሽ ንገሪልኝ፣ ይሄ የበዓል ዘመድ ጥየቃ አይደለም። ላሙ ባትሄዱ ላሙ አይቀየማችሁም።

ኮምፓስ፦

እህቴ፣ ከከተማው አትጀምሪ። ከወሩ ጀምሪ። ወሩ ከታወቀ ግማሹ ጥያቄ አለቀ።

በዚያ ጠረፍ ዓመቱን የሚገዛው ነፋስ ነው። ከዲሴምበር እስከ ማርች ካስካዚ የሚሉት ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። ሙቀቱና ወበቁ የሚበረታው ያኔ ነው። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ደግሞ ኩሲ ከደቡብ ይመጣል። እሱ ቀለል ያለ አየር ነው። ድሮ የዐረብና የህንድ ነጋዴዎች በአንዱ ነፋስ መጥተው በሌላው ይመለሱ ነበር። ነፋሱ እስኪዞር ወራት ይቀመጣሉ። ይነግዳሉ፣ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ። አንቺ ማየት የፈለግሻቸው አሮጌ ከተሞች ያደጉት በዚህ ነው።

በሁለቱ ነፋሶች መካከል ዝናብ አለ። ማሲካ የሚባለው ትልቁ ዝናብ ከማርች እስከ ሜይ ነው። ቩሊ የሚባለው ትንሹ ኖቬምበር አካባቢ ይጥላል። በማሲካ አንዳንድ ሆቴሎች ጭራሽ ይዘጋሉ። «ቅናሽ አለ» ብሎ ኤፕሪል ላይ የሚሸጥልሽ ሰው ካለ፣ ለምን እንደቀነሰ ጠይቂው።

አሁን የእኛን ካሌንደር ደርቢበት። ሐምሌ አዲስ አበባ ላይ ካልሲ የማይደርቅበት ወር ነው። እዚያ ደረቅ ነው፤ ቀን ቀን 28፣ 29 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፣ ማታ ነፋስ አለ። እናትሽ ጿሚ ከሆኑ ደግሞ የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመካከሉ ያለው የእናንተ ነው። ረቡዕና ዓርብ ብቻ ይቀራል። ችግሩ ጁላይና ኦገስት ለፈረንጆቹም የዕረፍት ወቅት ነው፤ አልጋ ይወደዳል። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ያዙ።

አራት_ኪሎዋ፦

ወይኔ፣ የጾሙን ነገር እኔ ራሴ አላሰብኩትም ነበር! እማዬ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እዚያ ምን ልበላ ነው?» ብላ ነው። ተባረክ ወንድሜ።

ሚጡ፦

ለረቡዕና ዓርብ አታስቢ። እዚያ ባቄላ ወይም ቦሎቄ በኮኮናት ወተት ይሠራሉ፤ ማሃራጌ ይሉታል፤ ቅቤ የለውም። ቻፓቲ አለ፣ ሩዝ አለ፣ ማንዳዚ አለ። ማንዳዚውን ግን ወተት ይግባበት አይግባበት ጠይቁ። በፍስክ ቀን ኦክቶፐሱን በኮኮናት ሞክሩት።

ቀዝቃዛ_አምቦ፦

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክር እዚህ እንዳትከፍቱብን አደራ። ያለፈው ጊዜ አድሚኑ ሦስት ሰው አግዷል።

የላጋር_ሰው፦

ልጆች፣ እኔ እድሜዬ ገፋ ያለ ነው። በእኛ ጊዜ ባሕር ሲባል ምፅዋ ነበር። ኮራል ድንጋይ ቤቶቹ፣ ቅስቶቹ፣ የቱርክና የግብፅ ዘመን አሻራው፣ አንቺ የምትይው ፀሐይና ታሪክ ሁሉ እዚያ ነበር። አሁን መንገዱ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ፖለቲካ አላነሳም።

ግን ጅቡቲን ለምን ዘለላችኋት? ባቡር አለ። ድሮ ከዚህ ከላጋር ነበር የምንነሳው፤ አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ ከለቡ ነው። ታጁራ የምትባለዋ የወደብ ከተማ ነጫጭ መስጊዶቿን ይዛ ባሕሩ ዳር ተቀምጣለች። ከእኛ ነጋዴዎች ጋር የቆየ ግንኙነት ያላት ጥንታዊ ከተማ ናት።

ኮምፓስ፦

ጋሼ፣ ልክ ብለዋል፣ ታጁራ የሚናቅ ቦታ አይደለም። ግን ወሩ ሐምሌ ነው። ጅቡቲ በሐምሌ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከምድረ በዳው የሚመጣው ነፋስ ደግሞ ይጋረፋል። የጅቡቲ ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ያኔ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል፤ ሰው አጠገቡ ይዋኛል፣ አይነካም። ለገና ሰሞን ለሚያስብ ሰው እኔም ጅቡቲን እመርጣለሁ። የሆቴሉ ዋጋ ግን ቀላል አይደለም።

የላጋር_ሰው፦

በሐምሌስ አትሂዱ፣ እውነትህን ነው። እማማን እንዳታስቀቅሏቸው።

ባሕረኛው፦

እኔ ሞምባሳ እላለሁ። ምክንያቴም ቀላል ነው። ለኬንያ ኢትዮጵያዊ ቪዛ አይጠየቅም። ከቦሌ ቀጥታ በረራ አለ። ወይም ናይሮቢ ወርዳችሁ በአዲሱ ባቡር ነው። ከ2017 ጀምሮ የሚሠራው ፈጣኑ ባቡር አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ በጻቮ ፓርክ መሃል ሲያልፍ በመስኮት ዝሆን ልታዩ ትችላላችሁ። ቀይ አፈር ላይ ስለሚንከባለሉ ዝሆኖቹም ቀይ ናቸው።

ታሪክ ካላችሁ ፎርት ጂሰስ አለ። ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 የሠሩት ምሽግ ነው። ኦማኖች ከ1696 ጀምሮ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከበውት በ1698 ወሰዱት። ውስጡ የነበረው ሰው አብዛኛው ያለቀው በበሽታና በረሃብ ነው። ግንቡ ላይ ቆማችሁ ባሕሩን ስታዩ ለምን እዚያ እንደተሠራ ይገባችኋል። ወደ አሮጌው ወደብ የሚገባ መርከብ ሁሉ ከሥሩ ነው የሚያልፈው።

ከዚያ ሰሜን ስትሄዱ ጌዲ አለ። ጫካ የዋጠው ከተማ ነው። መስጊዱ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ጉድጓዶቹ ሁሉ ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ፍርስራሹ ውስጥ የቻይና ሸክላ ሁሉ ተገኝቷል። በ2024 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ማሊንዲ ደግሞ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ያረፈበት ነው፤ ወደ ህንድ የመራው ሰው የተገኘው እዚያ ነው። ለአሸዋው ዲያኒ አለላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ እንደጻፍኩ ልብ በሉ።

አራት_ኪሎዋ፦

ባሕረኛው፣ ልቤን ልታስቀይረው ነው። ቪዛ አለመኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሞምባሳ ትልቅ ከተማ አይደለም እንዴ? ከጫጫታ ወደ ጫጫታ እንዳይሆንብን ፈራሁ። ፒያሳ ዙሪያ በግንባታ አቧራ ስንት ጊዜ የታጠንኩ ሰው ነኝ።

ባሕረኛው፦

ትልቅ ናት፣ አልዋሽሽም። የወደብ ከተማ ናት፣ ትራኩም ቱክቱኩም አለ። አሮጌው ሰፈር ግን ጠባብና ጸጥ ያለ ነው። ዲያኒ ለመሄድ በሊኮኒ ፌሪ መሻገር አለ፤ ሰዉ እንደ ጎርፍ ነው የሚገባው፣ ለእናትሽ ትንሽ ያስቸግር ይሆናል።

ሚጡ፦

እኔ ዛንዚባርን ነው የማውቀው፤ ከመጓዛችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚሁ መሃል ከተማ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል (ስሙ ይቅር) ፓኬጅ ሸጦልን ነበር። በፎቶው ላይ ውሃው የሆቴሉን ደረጃ ይልሳል። ደረስን፣ ሻንጣ ጥለን ሮጥን፣ ባሕሩ የለም! እውነቴን ነው፣ የለም። ዓይን እስከሚያየው እርጥብ አሸዋ፣ የወደቁ ጀልባዎች፣ ሩቅ ላይ አንድ ነጭ የማዕበል መስመር። ባሌ «ተበልተናል» አለ። ወኪሉ ጋ ስንደውል «ማታ ይመለሳል» አለን። እኛ የሚያላግጥብን መስሎን ነበር።

ቀዝቃዛ_አምቦ፦

ውሃ በፈረቃ መሆኑ ለአዲስ አበባ ሰው ምን ይገርማል?

ኮምፓስ፦

ሃሃ። አምቦ፣ ዛሬስ በለጥክ።

ግን የሚጡ ነገር ቁም ነገር ነው፤ ሰው ሆቴል ሲመርጥ የማይጠይቀው ይሄንን ነው። ሐይቅ ለለመደ ሰው ባሕር ቦታውን ይለቃል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሰዓቱ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ወደፊት ይገፋል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ልዩነቱ ይበረታል፤ ዛንዚባር ላይ ወደ አራት ሜትር ይደርሳል። አራት ሜትር ቁመት ብቻ አይደለም። ዳርቻው ለጥ ያለ በሆነበት ቦታ ውሃው በጣም ሩቅ ይሄዳል።

ስለዚህ ዛንዚባር ላይ የትኛው ዳርቻ የሚለው ከሆቴሉ ኮከብ ይበልጣል። ምሥራቁ፣ ማለትም ፓጄ፣ ጃምቢያኒ፣ ብዌጁ፣ ሰፊ ነጭ አሸዋ ነው፣ ፎቶውም ያማልላል። ውሃው ግን በብዛት የሚሸሸው እዚያ ነው። በሐምሌ ነፋሱ ስለሚበረታ በካይት የሚንሸራተቱ ወጣቶች ይሞሉታል። ሰሜን ምዕራቡ፣ የኑንግዊ ምዕራብ ጎንና ኬንድዋ፣ ዳርቻው ቶሎ ስለሚጠልቅ ውሃው ብዙ አይርቅም። ቀኑን ሙሉ ሊገባበት ይቻላል። የኩሲ ነፋስም እዚያ ቀለል ይላል። ዋና ለማይችል ሰውና ለእናትሽ ኬንድዋ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሚጡ፦

ትክክል። ግን ምሥራቁን አትጥሉት፣ አንድ ቀን ሄዳችሁ እዩት። እኔ በኋላ በኋላ የወደድኩት ያንን የጠፋ ባሕር ነው። ውሃው ሲሸሽ የመንደሩ ሴቶች ገብተው የባሕር አረም ያለማሉ። ትንንሽ እንጨቶች በረድፍ ተተክለው ገመድ ተወጥሮባቸዋል፣ አረሙ ገመዱ ላይ በእፍኝ በእፍኝ ታስሮ ይበቅላል። ጎንበስ ብለው ይቆርጣሉ፣ ጆንያ ይሞላሉ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው ሲደርስ ወጥተው ይሄዳሉ። ለሳሙናና ለምግብ ፋብሪካ ነው የሚሸጠው። ስትገቡ ግን የጎማ ጫማ አድርጉ፤ እሾሃማ የባሕር ጃርት አለ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊትም ሴቶቹን አስፈቅዱ።

አራት_ኪሎዋ፦

እሺ፣ ዛንዚባር እያሸነፈ ነው። ኬንድዋ ለውሃው። ታሪኩስ? ስቶን ታውን የሚሉት የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ለስንት ቀን ይበቃል? ለእማዬስ ደረጃው እንዴት ነው?

የድንጋይ_በር፦

ይሄን ክር ዝም ብዬ ስከታተል ነበር፣ ስቶን ታውን ሲባል ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሁለት ሌሊት በቂ ነው፤ ሦስት ቢሆን አይቆጭም። መንገዶቹ ለጥ ያሉ ናቸው፣ ደረጃው ያለው ሆቴሎቹ ውስጥ ነው። አሮጌ ቤቶች ስለሆኑ ደረጃቸው ቀጥ ያለ ነው፣ ሊፍት የላቸውም። ምድር ቤት ወይ አንደኛ ፎቅ ክፍል ብላችሁ ስትይዙ አስጽፉ። ጠዋትና አመሻሽ ዙሩ፣ ቀትር ላይ ተኙ። መንገድ ይጠፋባችኋል፤ ይጥፋ። ትንሽ ከሄዳችሁ ወይ ባሕር ወይ ገበያ ጋ ትወጣላችሁ።

በሮቹን አስተውሉ። ቅርጻቸው የቤቱ ባለቤት ከየት እንደመጣ ይናገራል። ከላይ ቅስት ያለው የህንዶች ወግ ነው፣ አራት ማዕዘኑ የዐረቦቹ። ጠርዙ ላይ ሰንሰለት፣ ዓሣ፣ የቴምር ዛፍ ይቀረጻል። ከመሃል የሚወጡት የናስ እሾሆች ህንድ አገር ዝሆን እንዳይገፋው የሚደረጉ ናቸው ይላሉ አስጎብኚዎቹ። ዛንዚባር ላይ ዝሆን የለም። ለጌጥና ለክብር ነው የቀረው።

የኦማኑ ሱልጣን ሰኢድ መቀመጫውን ከሙስካት ወደዚህ ያዛወረው በ1840 ገደማ ነው። ቅርንፉድ በሰፊው ያስተከለው እሱ ነው። ቅርንፉዱን የተከለውና የለቀመው ግን ባሪያ ነው። ይሄን ሳያዩ መመለስ አይገባም። የባሪያ ገበያው የተዘጋው በ1873 ነው። ቦታው ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ተሠርቷል፤ መሠዊያው የቆመው ሰው ይገረፍበት የነበረው ግንድ ጋ ነው። ከውጭ ጉድጓድ ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ አምስት ሐውልቶች አሉ። ሰንሰለቱ የምር የዚያ ዘመን ሰንሰለት ነው።

እኛን ደግሞ የሚነካ ነገር አለ። በሱልጣኑ ቤት ከነበሩት ቁባቶች ውስጥ ሐበሾች ነበሩበት። ገበያው እንዲዘጋ በእንግሊዝ ግፊት የፈረመው ሱልጣን ባርጋሽ እናቱ ሐበሻ ናት። ባሕሩ ዳር ያለውን «የድንቆች ቤት» የሚባለውን ትልቅ ሕንፃ በ1883 ያሠራውም እሱ ነው። ያቺ ሴት በስንት ዓመቷ ከየት ተወስዳ ባሕሩን እንደተሻገረች ማሰብ ያማል። እኛ በአውሮፕላን ቡና እየጠጣን ነው የምንሻገረው። ሕንፃው በዲሴምበር 2020 በከፊል ተደርምሷል፣ ስለዚህ ከውጭ እንደምታዩት አስቡ።

የላጋር_ሰው፦

የባርጋሽ እናት ሐበሻ መሆኗን ዛሬ ሰማሁ። ልጄ፣ ተባረክ። ይሄንንማ በትምህርት ቤት ሊያስተምሩን ይገባ ነበር።

ቀዝቃዛ_አምቦ፦

ቀልድ አልመጣልኝም። ይቅርታ።

ባሕረኛው፦

እጄን ሰጥቻለሁ፣ ዛንዚባር ይሁን። ግን ዓለም ላይ አጭሩ ጦርነት እዚያ እንደተደረገ ንገሯቸው እንጂ! በ1896 ኦገስት 27፣ እንግሊዞች ቤተ መንግሥቱን ከመርከብ ላይ ደበደቡት፣ አርባ ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። እኛ በዚያው ዓመት በማርች ዓድዋ ላይ ነበርን።

የድንጋይ_በር፦

ባሕረኛው አንተም ጥሩ አነሳህ። ማታ ማታ ፎሮዳኒ የሚባለው መናፈሻ ውስጥ ምግብ ይደረደራል፤ ከዚያ ቤተ መንግሥት ሁለት እርምጃ ነው። በእሾህ የተሰካ ዓሣ፣ ኡሮጆ የሚባል ጎምዘዝ ያለ ሾርባ፣ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር የተጨመቀ የሸንኮራ አገዳ። ዋጋ ሳትጠይቁ እንዳትቀምሱ፤ ዓሣውም ከቆየ አይታመንም፣ የሚበስለውን አይታችሁ ግዙ። ባለቤትሽ ቡና ከወደደ ጆውስ ኮርነር ይላኩት። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዶሚኖ ይጫወታሉ፣ በትንሽ ሲኒ ቡና ይዞራል። ስለ ቡናው ከእኛ ጋር ክርክር አያስፈልግም፣ ጨዋታው ግን ጥሩ ነው።

ለእማማ ደግሞ የቅመም እርሻው። ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ሄል፣ ገውዝ፣ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ። ድስት ውስጥ ሲያውቁት የኖሩትን ዛፉ ላይ ያዩታል። አስጎብኚውን እሳቸው ማስተማር ይጀምራሉ።

አራት_ኪሎዋ፦

ይሄንን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ቅርንፉድ ዛፍ ነው እንዴ?» አለች። ተወስኗል ማለት ነው።

አለባበስስ? እማዬ ነጠላዋን አትጥልም።

ሚጡ፦

አትጣል! ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊም ነው። ከተማው ውስጥ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ደንብ ነው። የእናትሽ ሐበሻ ቀሚስ ልክክ ይላል። ቁምጣና ዋና ልብስ ለዳርቻው ብቻ።

ነርሷ፦

የጤናውን እኔ ልጨርስላችሁ። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ነው፣ ካርዳችሁ አሮጌ ቢሆንም ጣሉት አትበሉ። እናትሽ ግን ስልሳን ካለፉና ተከትበው የማያውቁ ከሆነ ዝም ብለሽ አታስከትቢያቸው። በዚያ ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን ከባድ ጉዳት የማምጣት ዕድሉ ከፍ ይላል። መጀመሪያ ሐኪም ያናግሩ፣ ባይሆን የሕክምና ማስረጃ ይጽፉላቸዋል። ይሄንን ለመጨረሻ ሳምንት አታስቀሩት።

ወባ ዛንዚባር ላይ በጣም ቀንሷል፣ አልጠፋም። እኛ ደጋ ያደግን ሰዎች ስለሆንን አጎበርና መከላከያ መድኃኒት አንንቅ፣ ሐኪም ጠይቁ። ፀሐዩም «የኢትዮጵያን ፀሐይ የለመደ» አይባልም፤ ከውሃውና ከነጩ አሸዋ ተንጸባርቆ ነው የሚያቃጥለው።

ኮምፓስ፦

ወረቀቱን ልጨምር። የታንዛኒያ ቪዛ 50 ዶላር ነው፣ በኦንላይን ይሞላል። የመንግሥቱን የኢሚግሬሽን ገጽ ለይታችሁ ግቡ፤ ተመሳስለው የሚያስከፍሉ ገጾች ሞልተዋል። ዛንዚባር ደግሞ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለጎብኚ የራሷን ኢንሹራንስ ግዴታ አድርጋለች፤ ለአዋቂ ሰው 44 ዶላር ነው። ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም ይሄኛው አይቀርም። ባልሽ በጀት ሲሠራ ለሦስታችሁ ይደምረው።

ዶላር ባንክ ስትጠይቁ ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይዛችሁ ነው። ሲሰጧችሁ ኖቱን እዩት። በፈረንጅ ከ2006 በፊት የታተመውን እዚያ አይቀበሉም፤ የተቀደደ፣ የተጻፈበትም እንደዚያው።

አራት_ኪሎዋ፦

ያሰብነው እንዲህ ነው። ሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ላይ በቀጥታ በረራ ዛንዚባር። መጀመሪያ ስቶን ታውን፣ ምድር ቤት ክፍል። ከዚያ ኬንድዋ። ከኬንድዋ አንድ ቀን ወጥተን ጃምቢያኒ፣ ውሃው የሚሸሽበትን ሰዓት አይተን። ሞምባሳና ጌዲ ለሌላ ዓመት። ላሙ፣ ኪልዋ፣ ባለቤቴ ዝርዝሩን ሲሰርዝ ፊቱ ያሳዝናል።

የድንጋይ_በር፦

ጥሩ አድርጋችኋል፣ ከተማውን ማስቀደማችሁም። ባሕር ዳር ከተዘረጉ በኋላ ወደ ከተማ የሚመለስ ልብ አይኖርም። ለባለቤትሽ ማጽናኛ፦ ኪልዋ ከዳሬሰላም ብዙ ወደ ደቡብ ነው፣ ለብቻው ጉዞ ይፈልጋል። ኢብን ባቱታ በ1331 አይቶ ካደነቃቸው ከተሞች አንዷ ናት። ላሙ ደግሞ መንገዱ በአህያ ነው፣ መኪና ብርቅ ነው። ላሙ መቸኮል አይወድም፤ በችኮላ ከሚያየው ቢቀር ይሻለዋል።

ባሕረኛው፦

በሐምሌ አጋማሽ እዚያ የምትሆኑ ከሆነ ደግሞ ማኩንዱቺ በምትባል መንደር ምዋካ ኮግዋ የሚሉት የአዲስ ዓመት በዓል አለ፣ ጁላይ ላይ ነው የሚውለው። ወንዶቹ በሙዝ ግንድ ይደባደባሉ፣ የዓመቱን ቂም ለማውጣት። ከዚያ ይታረቃሉ፣ ይበላሉ።

ቀዝቃዛ_አምቦ፦

ይሄንን ለእኛ ኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ማን ያቅርብልኝ?

ሚጡ፦

አራት ኪሎዋ፣ የመጨረሻ ሁለት ነገር። ሰዓታቸው እንደ እኛ ነው። ሹፌሩ «ሳ ምቢሊ» ካለሽ የእኛ ሁለት ሰዓት ነው፣ ሰዓትሽንም አታዙሪ። የአውሮፕላንና የጀልባ ቲኬት ላይ ግን በፈረንጅ ነው የሚጻፈው፣ እንዳትምታቱ። ሁለተኛ፣ ፌስታል ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ታንዛኒያ ከ2019 ጀምሮ ከልክላለች።

አራት_ኪሎዋ፦

እማዬ ቆሎና ድርቆሽ በፌስታል ጠቅልላ ጨርሳለች እኮ!

ሚጡ፦

በጨርቅ ከረጢት ገልብጡት። ዚፕ ያለው ትንሹ የሻምፑ ፕላስቲክ ይፈቀዳል፣ ከእናንተው ጋር እስከተመለሰ ድረስ። ቆሎውን ግን አብዙት፤ በጃምቢያኒው ቀን ይፈለጋል።